ቅርፊት ብቻ የሚገዙት ዶክተር

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ የጻፍሁት አንድ መስመር ሐሰት ስለ ሆነ ነው። መስመሩ የሚገኘው ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ባለ አንድ የግል ላብራቶሪ የሥራ መዝገብ ውስጥ ነው፤ «ምክንያት» በሚለው ዐምድ ሥር «በባለሙያዋ ስሕተት» ይላል። ባለሙያዋ ዶክተር ትርሲት ናቸው። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ላይ ዐርፈዋል። እኛም እዚህ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ልቅሶ በተቀመጥንበት ግቢ አንድ የሥራ ባልደረባችን ሻዩን እያማሰለ፣ «ደግ ሴት ነበሩ፤ ያ የቅርፊት ነገር ግን አልሆነላቸውም» አለ፤ ብዙ ራሶችም በሐዘኔታ ተነቀነቁ። ሆኖላቸው ነበር። በዐይኔ አይቻለሁ።

ላብራቶሪው የወባ፣ የታይፎይድና የስኳር ምርመራ የሚሠራ ትንሽ ቤት ነው። ዶክተር ትርሲት ከሃያ ዓመት በላይ በባሕር ማዶ ቤተ ሙከራዎች ከሠሩ በኋላ የምርመራውን ጥራት እንዲቆጣጠሩ ተቀጥረው መጡ። እኔ የመዝገብና የሰነድ ክፍል ኀላፊ ነበርሁ፤ በክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው ባለመኖሩ የምመራውም ራሴን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ራሴን በሙሉ ስሜና በማዕረጌ ሳስተዋውቅ፣ በቀዶ ሕክምና ክር ተንጠልጥሎ ደረታቸው ላይ የተኛውን መነጽር አነሡና ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ አዩኝ።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃያ ሰባት።»

«እንግዲያው ከእኔ በሠላሳ ዓመት ትበልጣለህ። አባ ብልህ ይሻላል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ሌላ ስም አልነበረኝም። አማርኛ የማያውቀው ዘበኛችን ላዶ ሳይቀር በሩን ሲከፍትልኝ «ሰባህ አልኬር፣ አባ» ይለኝ ጀመር።

ዶክተር ትርሲት ራሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ጠረናቸው ይደርስ ነበር፤ ኮምጣጤና ዓሣ። ከጠረናቸው ቀጥሎ ድመቶቹ ይመጣሉ። በሀይ ጀላባ ያሉ ድመቶች በሙሉ እኛ የሰዓት ፊርማ ከምናከብረው ይልቅ የእሳቸውን የመግቢያ ሰዓት አጥብቀው ያከብሩ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ይወርዱና አንድ ማዳበሪያ የዓሣ ቅርፊት ገዝተው ይመለሳሉ። የናሙና አሰባሰቡ በአግባቡ ይመዘገብ ዘንድ አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድሁ።

«አና ዴር ጊሽር በስ» አሏት ዓሣ ሻጯን፤ ቅርፊቱን ብቻ ነው የምፈልገው ማለታቸው ነው።

«ዓሣውስ፣ ማማ?»

«ዓሣውን ለሚበላው ሽጪለት።»

ሴትዮዋ ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየቻቸው። ሳቁ። ዶክተርም አብረዋቸው ሳቁ። የቦዳው፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌቱ፣ ነጂ ማዳበሪያውን አሽትቶ ይህ ነገር ሞቷል ብሎ ሊተወን ሲል፣ «ቅርፊት አይሞትም፤ ይልቅ ንዳ» አሉትና ከኋላው ተፈናጠጡ። እኔ በሌላ ቦዳ ተከተልኋቸው። ደብተሬ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን እስከ ሀይ ጀላባ ድረስ አልመጣልኝም።

ቅርፊቱ ምን ያደርጋል? በጥንቃቄ ታጥቦ በኮምጣጤ ውስጥ በቅዝቃዜ ሲሰነብት ከውስጡ አንድ ንጥረ ነገር ይወጣል፤ ሲጣራም ውኃ የመሰለ ሙጫ ይሆናል። ዶክተር ይህን ሙጫ በትንንሽ መስታወቶች ላይ እንደ ቅባት ስስ አድርገው ይለብጡታል። ልባጩን ግን አንድ ዓይነት አያደርጉትም። የመጀመሪያው መስታወት ላይ ያለው እንደ መቅኒ የላመ፣ ስድስተኛው ላይ ያለው እንደ ጥፍር የደረቀ ነው፤ ሌሎቹ በመካከል ናቸው። ከዚያም ከዕጢ የተወሰዱ ሕዋሳት በስድስቱም ላይ ይዘራሉ። ተራዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ደረቅ ወለል ካላገኙ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን በላመው ላይ ይኖራሉ፤ ተሰባስበውም ድቡልቡል ይሆናሉ። ዶክተር የሚፈልጓቸው እነዚያን ጥቂቶቹን ነበር። ስማቸው በትምህርቱ ዓለም የካንሰር ስቴም ሴል ነው። በመዝገቡ ላይ «ግንደ ሕዋሳት» ብዬ ስጽፋቸው፣ «አንተ እኮ ለነቀርሳም ካባ ትደርብለታለህ» አሉኝ።

እነዚህን ለይቶ መያዝ ለምን እንደሚጠቅም ስጠይቃቸው የሰጡኝ ማብራሪያ ከአንድ ምሁር የምጠብቀው አልነበረም።

«አልጋህን ፀሐይ ላይ አውጥተህ ታራግፋለህ፤ አይደል? ትኋኑ ይረግፋል፤ ደስ ይልሃል። እኔን የሚያሳስበኝ የረገፈው አይደለም። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ነው። መድኃኒት ብዙውን ይገድላል፤ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ግን ከዓመታት በኋላ ቤተሰብ ይዞ ይመለሳል። እሱን ለብቻው ካላገኘኸው በምን እንደሚሞት አታውቅም።»

«እኔ አልጋዬ ላይ ትኋን የለም፣ ዶክተር።»

«አይኖርም። በምን ሞራሉ!»

በባሕር ማዶ ይህን ሥራ የሚሠሩት በውድ መሣሪያና በውድ ቁስ ነው። የእሳቸው ሐሳብ አንድ የወረዳ ላብራቶሪ እንኳ ከገበያ በሚያገኘው ነገር እንዲሠራው ማድረግ ነበር። ለምን ጁባን መረጡ ሲባሉ «እዚህ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ አይቻልም ብሎ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም» ይሉ ነበር። ሁሉም በሚመርጠው ወለል ይታወቃል የሚለውን፣ ከበረዶ አገር ይዘውት የመጡትን ፍልስፍና በተመላላሽ ታካሚዎቻችን ላይ ሲሞክሩም አይቻለሁ። በእንግዳ መቀበያው የብረት ወንበር፣ የፕላስቲክ ወንበርና ስፕሪንጉ የወደቀ ሶፋ አለ። በመስኮት እያዩ ማን የት እንደሚቀመጥ ይተነብያሉ፤ ብዙ ጊዜም አይስቱም። «ሰው ስሙን ይዋሻል፤ ዕድሜውን ይዋሻል፤ መቀመጫውን ግን ሊዋሽ አይችልም» ይላሉ። እኔ ሁልጊዜ የብረቱ ላይ ነኝ። «ስድስተኛው መስታወት» ይሉኛል ሲያልፉ፣ ትከሻዬን መታ አድርገው።

ዕጢውን የሰጡን ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ሙኑኪ ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ምጸትና ጸሎት እኩል የሚያውቁ ሴት። ጡታቸው ላይ የወጣው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ከእሱ ጥቂት ለምርምር እንዲፈቅዱ ዶክተር ለመኗቸው። የፈቃድ ሰነዱን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ አራት ገጽ ነበር።

«ይህ ሁሉ ለቁራጭ ሥጋ ነው?» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ እያገላበጡ። «ቤቴን ስሸጥ እንኳ ይህን ያህል አልፈረምኩም።»

«አባ ነው የጻፈው» አሏቸው ዶክተር። «ዕድለኛ ነሽ አስካሉ፤ መጀመሪያ መቅድም ነበረው።»

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አስካለ ምሳ ቋጥረው ብቅ ባሉ ቁጥር በሩ ላይ ቆመው «ሥጋዬ እንዴት ዋለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ሕዋሳቱ የተቀመጡት ከኋላ ባለችው በቆርቆሮ ክዳን ክፍል ውስጥ ነው። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባለው ወራት የዚያች ክፍል ሙቀት ከሰው ገላ ሙቀት ጋር አንድ ስለሚሆን «ጁባ ኢንኩቤተር በነጻ ሰጥታናለች» ይሉ ነበር ዶክተር፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ። የአየሩን ነገር ደግሞ በሻማ ፈቱት። ስድስቱ መስታወቶች በየሳሕናቸው፣ ሱቆች ከረሜላ በሚያስቀምጡበት አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ይደረደራሉ፤ መሐላቸው አንድ ሻማ ይበራል፤ ክዳኑ ቫዝሊን ተቀብቶ ይገጠማል። ሻማው የሚነድበት አየር ሲያንሰው ራሱ ይጠፋል። ሲጠፋ በጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው አየር ለሕዋሳቱ የሚስማማቸው ዓይነት ነው። ሥራው ያለው በመጥፋቱ ላይ ነው እንጂ በመብራቱ ላይ አይደለም። ይህን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጧት፣ ስድስተኛውን መስታወት በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ ተራዎቹ ሕዋሳት እንደ ሰሌን ተነጥፈዋል፤ ድቡልቡል የሚባል የለም። ከዚያ የመጀመሪያውን፣ የላመውን አየሁ። ተነጥፈው የነበሩት ሞተው ታጥበዋል። በባዶው ላይ ግን ክብ፣ ጥርት ያሉ ትንንሽ እንክብሎች ተቀምጠዋል።

«ስንት ናቸው?»

«አርባ ሦስት።»

«ድገም።»

ደገምሁ። «አርባ ሦስት።»

ራሳቸውም ቆጠሩ። ከዚያ የምቀመጥበትን የብረት ወንበር ስበው ተቀመጡበት፤ ከሃያ ደቂቃ በላይም ምንም አልቀለዱብኝም። በስልኬ ፎቶ ላነሣ ብሞክር የወጣው ጭጋግ ብቻ ነበር። «ተወው» አሉኝ በመጨረሻ። «ሙሽራዋ ራሷ ልትሄድ ነው፤ ፎቶዋ ምን ያደርጋል?» እንክብሎቹ በእርግጥ ግንዶቹ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ መሣሪያ ያለው አዲስ አበባ ነው። የሚያውቁት ቤተ ሙከራ መስታወቶቹ ከነሕይወታቸው ከደረሱለት ሊመረምርላቸው ተስማምቷል፤ ማክሰኞ በሚነሣው አውሮፕላን የሚይዝላቸው ሰው አግኝተዋል። ሌላ ዕድል እንደማይኖርም ያውቁ ነበር፤ ከዕጢው የተረፈ ናሙና የለም፣ ክፍሏም በወሩ መጨረሻ ለአዲስ መሣሪያ ትለቀቃለች።

በዚያው ቀን ወይዘሮ አስካለ ምሳ ይዘው መጡ። ዶክተር በማይክሮስኮፑ እንዲያዩ ፈቀዱላቸው።

«እነዚህ ናቸው ሊገድሉኝ የነበሩት?»

«እነሱ ናቸው።»

«ሲያዩዋቸው እኮ ጨዋ ይመስላሉ!»

ዶክተር መስታወቶቹን መልሰው ሻማውን አበሩና ክዳኑን ገጠሙ። «ሻማው ደግሞ ለምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«እንዲተነፍሱ ነዋ። እነሱም እንዳንቺ ያለ ሻማ አይሆንላቸውም።»

ሁለቱም ሳቁ። መልሱ ጎደሎ መሆኑን ዐውቄያለሁ። አፌንም ከፍቼ ነበር። የታላላቆችን ቀልድ ማረም ግን ነውር ነው ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ እሑድ ለጕዞው የሚሆነውን ሰነድ ለማዘጋጀት ከዶክተር ጋር ረፋዱ ላይ ደረስን። ላዶ በሩን ከፍቶ፣ ችግር የለም ሲል፣ «ማፊ ሙሽኪላ፤ ማማ አስካለ ውስጥ ናት» አለን። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው ከጠርሙሱ ፊት ተቀምጠው በለሆሳስ ይጸልያሉ። ክዳኑ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። በመስታወቶቹ መሐል ሦስት ጧፎች ይነዳሉ።

«ዶክተርዬ፣ እንኳን መጣሽ! ጠፍቶ አገኘሁት እኮ። ሥጋዬ አጠገብ ጨለማ! ደግሞ ክዳኑ ተገጥሟል፤ በምን ይተንፍሱ? ከፈትኩላቸውና አበራሁላቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳላስጠፋ ጠብቄያለሁ።»

ዶክተር መነጽራቸውን አደረጉ። ወደ ጠርሙሱ ጎንበስ ብለው አዩ። በየሳሕኑ የነበረው ፈሳሽ ደርቋል፤ ሰም ተንጠባጥቦበታል፤ ጥቀርሻና ዝንብ ገብቶበታል። የመጀመሪያው መስታወት ልባጭ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። ልናገር ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ እጄን ጨበጥ አደረጉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ወይዘሮ አስካለ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ጎሽ፣ አስካሉ።»

«ደኅና ናቸው?»

«አንቺ ደኅና ነሽ። እኔ እሱን ነው የምፈልገው።»

«በይ አሜን በይ።»

«አሜን።»

«አባስ? አሜን አትልም እንዴ? ምን ያስቆዝምሃል በሰንበት ምድር?»

አሜን አልሁ።

ሰኞ ጧት መዝገቡን ይዤ ገባሁ። ሙከራው መቋረጡን ጽፌ «ምክንያት» የሚለው ዐምድ ላይ ቆምሁ።

«ባዶ ተወው» አሉኝ።

«ባዶ መተው አይፈቀድም።»

«ማነው የማይፈቅደው?»

«መመሪያው።»

«መመሪያውን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ሳቁ፤ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር። «እንግዲያው ጻፍ። በባለሙያዋ ስሕተት።»

«ሐሰት ነው፣ ዶክተር።»

«ማነው የቀለደው? ሲጠፋ ነው የሚሠራው ብዬ ብነግራት በጣቷም አትነካው ነበር። ደግሞ ስማኝ። ይህች ሴት ሕመሟን ለጎረቤት እንኳ አልነገረችም። ያን ችላ ቆማ፣ አንተ የዶክተሯን ሥራ ያጠፋች ብለህ ልትደርብባት ነው?»

«የእርስዎ ስምስ?»

«የእኔ ስም እንዳንተ ደረቁ መስታወት ላይ ነው። አይላቀቅም። ጻፍ።»

ጻፍሁ። ፈረምሁበትም።

ክፍሏ ተለቀቀች። ዶክተር ናሙና የሚሰጡ ሌሎች ሕመምተኞችን አነጋገሩ፤ ሁለቱ እንቢ አሉ፣ ሦስተኛዋ ወደ አገሯ ሄደች። ዝናቡ ሲገባ የዶክተር ዐይኖች ቢጫ ሆኑ። ጉበታቸው ነው ተባለ፤ አዲስ አበባ ሄዱ። ከዚያ አንድ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ «አባ፣ እዚህ ሆስፒታል ሁሉም ነገር ለስላሳ ነው። አንተ ብትታመም የት ያስተኙሃል ብዬ ተጨነቅሁ።» የጻፍሁላቸው መልስ ደረቅና ከባድ ነበር፤ ሦስት አንቀጽ ነበረው። አንብበውት እንደ ሆነ አላውቅም።

በልቅሶው ማብቂያ ሰዉ ከተበተነ በኋላ ወይዘሮ አስካለ ብርጭቆ ሲያጥቡ እኔ አቀብላቸው ነበር። ፊታቸውን ከሳፋው ሳያነሡ ተናገሩ።

«አባ፣ አንተ አትዋሽም ይባላል።»

«እንዳልዋሽ እጥራለሁ።»

«የዚያን እሑድ እጄ ቫዝሊን በቫዝሊን ሆነ። ያኔ አላሰብኩትም። በኋላ ጠላ ስደፍን ነው የገባኝ። ክዳን በከንቱ አይመረግም። መከፈት አልነበረበትም፤ አይደል?»

«አልነበረበትም» አልኋቸው።

አንዱን ብርጭቆ ብዙ ጊዜ አጠቡት።

«እና እሷ ጎሽ አለችኝ።»

«አሉዎት።»

«መዝገብህ ምን ይላል?»

ነገርኋቸው። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ። «ይህማ አይሆንም። እኔ ነኝ ብለህ ጻፈው። ሕመሜንም ጻፍ፤ አልፏል። በሙሉ ስሜ፣ እስከ አያቴ ጻፈው።» እስከ አያት መጻፍ የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ልማድ ስላልሆነ በስማቸው ብቻ ጽፌአለሁ፤ ቅር እንደሚሰኙብኝ ዐውቃለሁ።

«የጠፋው ስንት ነው?» አሉኝ ከዚያ። «ቆጥረህ ንገረኝ፤ ልወቀው።»

ቆጠርሁላቸው።

መስታወት፣ ስድስት። እንክብል፣ አርባ ሦስት። ቀን፣ ዐሥራ ሁለት። ሰው፣ አንድ።